ለባለመንኮራኩር ጠመንጃ የሚሆን ፓይራይት፦ አመራረጡና አቀራረጹ

ዊልሎክ ወይም ባለመንኮራኩር በሚባለው የጥንት ጠመንጃ ላይ ቶሎ የሚያልቀውና በየጊዜው የሚተካው ክፍል ብልጭታ የሚሰጠው ድንጋይ፣ ማለትም ፓይራይት የሚባለው ብረትና ድኝ የያዘ ማዕድን ነው። መንኮራኩሩ፣ ሞላውና ሰንሰለቱ በጥንቃቄ ከተያዙ ለረጅም ዘመን ያገለግላሉ፤ ድንጋዩ ግን ቃታው በተሳበ ቁጥር ይፋቃል፣ ይሸረፋል፣ አንዳንዴም ከመሀሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠራ ሰው የብረት ሥራውን የቱንም ያህል ቢያሳምር፣ ተስማሚ ፓይራይት መርጦ ማዘጋጀት ካልቻለ የሚያገኘው የሚሽከረከር ነገር እንጂ እሳት የሚተፋ ነገር አይደለም።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ሆኖ ለትምህርት ወይም ለዐውደ ርእይ የሚሆን፣ በጣውላ ላይ የተገጠመ፣ ቱቦም ባሩድም የሌለው የመለኮሻ ማሳያ የሚሠራን ባለሙያ ነው። ቱቦና ባሩድ የሚጨመርበት ሥራ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው በመሆኑ እዚህ አይነሳም። ለማሳያ ሥራ ደግሞ ባሩድ አያስፈልግም፤ ብልጭታው ራሱ በቂ ትዕይንት ነው።

የአሠራሩ ሐሳብ አስቸጋሪ አይደለም። ዙሪያው ላይ ቦዮች የተቆፈሩበትና በአግድም ጥርስ የወጣለት ጠንካራ የብረት መንኮራኩር በቁልፍ ይጠመዘዛል፤ ከዘንጉ ጋር በአጭር ሰንሰለት የተያያዘው ጠንካራ ሞላም ይወጠራል። የመንኮራኩሩ ጠርዝ የመለኮሻው ባሩድ በሚቀመጥበት ሳህን ወለል ላይ ባለው ስንጥቅ በኩል ትንሽ ብቅ ይላል። ድንጋዩ በሌላ ክንድ ጫፍ ላይ በሚገኝ መንጋጋ ተነክሶ፣ በሳህኑ መክደኛ ላይ ተጭኖ ይቆያል። ቃታው ሲሳብ መንኮራኩሩ ይለቀቃል፣ መክደኛው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ድንጋዩም መዞር በጀመረው ጠርዝ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ እያንዳንዳችን ከምናውቀው የሲጋራ ላይተር የተለየ አይደለም፤ ጥርስ ያለው ብረት በሞላ የተገፋ ለስላሳ ነገር ይፍቃል፣ የተፋቀው ቅንጣትም አየር ላይ ይነድዳል።

መሣሪያው በአውሮፓ የታየው እ.ኤ.አ. በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ በእኛ አገር የጦር ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የሚታይ ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት የገቡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ይዘውት የመጡት በሚጤስ ክር የሚለኮሰውን ጠመንጃ ነበር፤ በኋላ ዘመን አባቶቻችን የታጠቁት ስናድር፣ ውጅግራና ለበን ደግሞ ድንጋይ የማያስፈልጋቸው ናቸው። ስለዚህ ድንጋዩን የሚያውቅ የቆየ አንጥረኛ ፈልጎ መጠየቅ አይቻልም፤ ያለው አማራጭ የድንጋዩን ጠባይ ራሱን ማጥናት ነው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ለምን ባልጩት አይሆንም ብሎ ነው። ፍሊንት የሚባለው የባልጩት ዓይነት በሞዝ የጥንካሬ መለኪያ 7 ገደማ ነው፤ ፓይራይት ደግሞ ከ6 እስከ 6.5 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ሰፊ ነው። በባልጩት ጠመንጃ ላይ ባልጩቱ ብረቱን ፍቆ የብረቱን ቅንጣት ያነዳል፤ በባለመንኮራኩሩ ላይ ግን ሥራው ይገለበጣል፣ ማለትም ብረቱ ድንጋዩን ይፍቃል፣ የሚነድደውም በአብዛኛው ብረትና ድኝ የያዘው የድንጋዩ ቅንጣት ነው። ፍሊንት መንጋጋው ላይ ቢታሰር ብዙ ድካም የፈሰሰበትን የመንኮራኩር ጥርስ በአጭር ጊዜ ያደነዝዘዋል። በመልካ ቁንጡሬ አቅራቢያ በብዛት የሚገኘው ጥቁሩ ባልጩት፣ ማለትም ኦብሲዲያን፣ ከዚህም የባሰ ምርጫ ነው፤ ተፈጥሯዊ መስታወት ስለሆነ ይፈረካከሳል፣ በራሱም የሚነድድ ነገር የለውም። የላይተር ድንጋይ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 አውየር ፎን ቬልስባኽ የፈለሰፈው ቅይጥ፣ ብዙ ብልጭታ ይሰጣል፤ ነገር ግን የመንኮራኩሩን ቦዮች ይደፍናል፣ ማሳያውንም ሐሰተኛ ያደርገዋል። የ16ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን አሠራር አሳያለሁ ብሎ የ20ኛውን ቅይጥ ማሰር ተመልካችን ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ።

ድንጋዩን ፍለጋ ወደ እንጦጦ መውጣት አያስፈልግም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው፤ ባዛልት፣ ትራካይትና ኢግኒምብራይት በየሸለቆው ይታያሉ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን የፓይራይት ክምችት ግን የላቸውም። በአገራችን ፓይራይት የሚገኘው ከወርቅና ከመዳብ ጋር በተያያዙ ጥንታዊ አለቶች ውስጥ ነው፤ በጉጂ የሚገኘው የለገደንቢና የአዶላ አካባቢ፣ እንዲሁም በትግራይ የሚገኘው የተራቅምቲ የመዳብና የወርቅ ክምችት ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በድንጋይ ከሰል ውስጥም ፓይራይት አለ፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ደቃቅ፣ በቀላሉ የሚፈርስና እርጥበት ሲነካው ቶሎ የሚበሰብስ በመሆኑ ለመንኮራኩር አይመከርም።

ስለዚህ ለከተማው ሰው ተግባራዊው መንገድ መግዛት ነው። በፒያሳና በቸርችል ጎዳና የከበሩ ማዕድናት የሚሸጡባቸው ሱቆች ከኦፓሉ ጎን ለጎን የማዕድን ናሙናዎችን የሚይዙበት ጊዜ አለ፤ ከ2016ቱ የፒያሳ መልሶ ማልማት ወዲህ ብዙዎች ቦታ ስለቀየሩ ግን በድሮ አድራሻ ብቻ ተመርቶ መሄድ አያዋጣም። ሻጩ «ፓይራይት» ሲባል ግር ካለው «የሞኝ ወርቅ» ቢባል ቶሎ ይገባዋል። ከመግዛት በፊት ደግሞ ዓይንን ማለማመድ ተገቢ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የሚገኘው አራት ኪሎ ስለሆነ፣ የሚያውቁት መምህር ወይም ተማሪ ካለ ትክክለኛውን ፓይራይት ከሚመስሉት ማዕድናት፣ ከቻልኮፓይራይትና ከማርካሳይት፣ አጠገብ አስቀምጦ እንዲያሳይዎት መጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

በሱቅ ውስጥ ዓይንን ቶሎ የሚስበው ባለ ስድስት ፊት፣ መስታወት የመሰለው፣ ማዕዘኑ የተሳለ ኩብ ነው። ከስፔኗ ናቫሁን የሚመጡት ኩቦች በዓለም ላይ የታወቁ ናቸው፣ ዋጋቸውም እንደ መልካቸው ነው። ለመንኮራኩር ግን ውበት መለኪያ አይደለም። ነጠላ ኩብ ይሠራል፤ ሆኖም ሲመታ የት እንደሚሰነጠቅ መገመት ስለሚያስቸግር በመንጋጋ ግፊት ድንገት ሊፈነዳ ይችላል። እኔ የምመርጠው መልኩ ደብዘዝ ያለ፣ ቅንጣቱ በዓይን የማይለይ፣ እንደ አንድ ወጥ ብረት የጠጠረ ቁራጭ ነው። ቅንጣቱ እንደ ስኳር ፍሬ ተለይቶ የሚታየው ዓይነት መወገድ አለበት፤ መንኮራኩሩ ሲነካው ከመንደድ ይልቅ እንደ አሸዋ እየረገፈ ሳህኑን ይሞላል። ነጭ የኳርትዝ ሥር ያለበትም እንዲሁ አይወሰድም፣ ምክንያቱም ያ ነጭ መስመር በትክክል ያ የሸሸነው የ7 ጥንካሬ ነው።

ማንነቱን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቡና ስኒ ሲገለበጥ ከሥሩ ያለው የመቆሚያ ቀለበት ብዙውን ጊዜ መስታወታማ ቅብ የለውም፤ ሻካራ ነጭ ሸክላ ነው። ድንጋዩን በዚያ ቀለበት ላይ ጫን አድርጎ መሳብ ነው። ፓይራይት ላዩ ወርቃማ ቢሆንም የሚተወው መስመር ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ እውነተኛ ወርቅ ግን ቢጫ መስመር ይተዋል። ቀጥሎ በቢላዋ ጫፍ መጫር ነው፤ ቢላዋው ያለ ችግር ከጫረው ጥንካሬው ከ3.5 እስከ 4 የሆነው ቻልኮፓይራይት ነው ማለት ይቻላል፤ እሱ ደግሞ ቢጫነቱ ጠለቅ ያለ፣ አንዳንዴም እንደ ቤንዚን ጠብታ ኅብረ ቀለም ያለው ነው። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ፒሮታይት የሚባል ሌላ ማዕድን ሊሆን ስለሚችል ይተዉት።

ክብደቱን መለካት ከሁሉም ይበልጥ ይናገራል። አንድ ወርቅ ቤት የሚጠቀምበት ዓይነት ትክክለኛ ሚዛን ከተገኘ ድንጋዩን በደረቁ መዝኖ፣ ከዚያም በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እንደተጠለቀ መመዘን ነው። የፓይራይት እፍጋት ከውኃ 5 እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ በደረቁ 60 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ቁራጭ ውኃ ውስጥ 48 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የጎደለው 12 ግራም የድንጋዩን መጠን ያህል የተገፋው ውኃ ነው። ያው 60 ግራም ቁራጭ 15 ግራም ከጎደለበት እፍጋቱ 4 ብቻ ነው፤ በውስጡ ኳርትዝ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ተደብቋል ማለት ነው፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ።

ይህ ልኬት የማይለየው ማርካሳይትን ነው። ኬሚካዊ ውሕዱ ከፓይራይት ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ እፍጋቱም ይቀራረባል፤ የሚለየው የአተሞቹ አደራደር ነው። ወደ ነጭ የሚያደላ ሐመር መልክ አለው፣ ብልጭታም ይሰጣል፣ ነገር ግን ከፓይራይት ይልቅ ቶሎ ይበሰብሳል። ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ወይም ቢጫማ ዱቄት ከታየ፣ ወይም ቁራጩ ሲሸተት ኮምጣጣ የድኝ ጠረን ካለው፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን መግዛት አይገባም፤ መበስበሱ ተጀምሯል።

የመጨረሻው ፈተና በብረት መምታት ነው። ሻጭ ጥሩውን ናሙና እንዲያስመታ መጠበቅ አይቻልም፤ ከዚያው ከረጢት የተሰባበረ ጥራጊ መጠየቅ ግን የተለመደ ነው፣ በአነስተኛ ዋጋም ይገኛል። ጥራጊውን በአሮጌ ሞረድ ጠርዝ ገፋ አድርጎ መግጨት ነው። ደብዘዝ ያለ ቀይ፣ ከአንድ አፍታ በላይ የሚቆይ ብልጭታና የክብሪት ዓይነት ሽታ ከመጣ ከረጢቱ መልካም ነው።

ወደ መቅረጹ ሲመጣ መጀመሪያ የሚለካው መንጋጋውና ሳህኑ ነው። የድንጋዩ ስፋት በሳህኑ ግድግዳዎች መካከል ሲወርድ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊተው ይገባል፤ ውፍረቱ መንጋጋው ቆዳውን ጨምሮ በደንብ የሚነክሰውን ያህል ነው፤ ርዝመቱ ደግሞ ድንጋዩ መንኮራኩሩን ሲነካ የመንጋጋው ብረት ከመንኮራኩሩ በግልጽ ርቆ እንዲቆም የሚያደርግ መሆን አለበት። ይህን በካርቶን ቆርጦ ሞዴል ሠርቶ ማየት ከሁሉ ይቀላል።

ለመቁረጥ የሚያገለግለው ሴራሚክ የሚቆረጥበት የአልማዝ ዲስክ ነው፤ ሴጌቶ ፓይራይት ላይ ጥርሱን ብቻ ይጨርሳል። የኦፓል ቆራጮች ውኃ እየፈሰሰበት የሚዞር ትንሽ ማሽን አላቸው፤ ከነሱ አንዱን ከፍሎ ማስቆረጥ በደረቅ ግራይንደር ከመታገል በእጅጉ ይሻላል። ለቆራጩ ግን ድንጋዩ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የሚወጣው ጥቁር ጭቃ ቀጥሎ የሚቆረጠውን ኦፓል ሊያቆሽሽበት ይችላል።

በደረቁ መሞረድና መቁረጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ፓይራይት ሲሞቅ ሳንባ የሚያቃጥል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ደቃቅ አቧራው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ በተፈጥሮው አርሰኒክ የሚይዝበት ጊዜም ብዙ ነው። ስለዚህ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ተደርጎ፣ ድንጋዩም ጭቃውም ርጥብ እንደሆነ ይሠራል። ጭቃው ተጠራቅሞ ይወገዳል እንጂ ወደ እቃ ማጠቢያ አይደፋም፤ ምግብ የሚሠራበት ክፍልም የሥራው ቦታ አይደለም።

ከተቆረጠ በኋላ ጠርዞቹን ማስተካከል በካርቦራንደም ድንጋይ ወይም ውኃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። መንጋጋው የሚነክሳቸው ሁለቱ ፊቶች ትይዩና ጠፍጣፋ መሆን አለባቸው፤ ድንጋይ የሚሰነጠቀው ከሁሉ በላይ አንዲት ጉብታ ላይ ሲነከስ ነው። መዶሻና መሮ የሚጠቀም ሰው ድንጋዩን በእንጨት ላይ አሳርፎ፣ ከጠርዙ ጥቂት ጥቂቱን እየቀነሰ ይሂድ፤ ፓይራይት የተወሰነ የመሰንጠቂያ አቅጣጫ ስለሌለው አንድ ጊዜ በኃይል ከተመታ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ዘይት አይቀባም። ዘይት የነካው ድንጋይ ብልጭታ ስለሚነፍግ፣ በስህተት ከነካው በአልኮል ደጋግሞ ማጠብ ግድ ይሆናል።

መንኮራኩሩን የሚነካው ጫፍ ላይ ብዙ ሰው ከልክ በላይ ይደክማል። የመንኮራኩሩን ክብ በትክክል የሚከተል ጎድጓዳ ፊት፣ ለያንዳንዱ ቦይ የሚገባ ጥርስ ጭምር ለመቅረጽ የሚሞክር አለ። ይህ አያስፈልግም፤ ከዚያም አልፎ ጎጂ ነው። ጫፉ ቀጥ ብሎ ጠፍጣፋ ቢሆን፣ በመካከሉ በጣም በትንሹ ጎድጎድ ቢል ይበቃል። የቀረውን መንኮራኩሩ ራሱ ይቀርጸዋል። አስቀድሞ መሠራት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚመጣውን ጥርስ የሚቀበለው የድንጋዩ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ይዶልዶም። ስለት ሆኖ ከቀረ ጥርሱ ይነክሰዋል፣ መንኮራኩሩም ባለበት ይቆማል።

የተቀረጸው ድንጋይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውኃ ይታጠባል፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውኃ፣ በመጨረሻም በአልኮል ታጥቦ በአየር ይደርቃል። ሶዳው በመቅረጹ ጊዜ የተፈጠረን አሲድ ያረክሳል፤ አልኮሉ ደግሞ በስንጥቅ ውስጥ የቀረውን ውኃ ይዞ ይወጣል። ለማድረቅ ብሎ ምድጃ ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው።

ለመንጋጋው ልባስ ስስ የጫማ ቆዳ ወይም የእርሳስ ብረት ቅጠል ያስፈልጋል። ቆዳ ከማንኛውም ጫማ ሠሪ ይገኛል፣ ለእኔም ከእርሳስ ይበልጥ ይስማማኛል። እርሳስ የሚመርጥ ሰው ከጎሚስታ ቤት አሮጌ የጎማ ባላንስ ወስዶ በመዶሻ ጠፍጥፎ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሊያሳሳው ይችላል፤ አሁን አሁን ከብረትና ከዚንክ የሚሠራ ባላንስ ስላለ አስቀድሞ በጥፍር መጫር ይገባል፣ እርሳስ ከሆነ ጥፍር ምልክት ይተውበታል። ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ብሎኑ በካቻቢቴ ከጠበቀ በኋላ ቆዳው ስለሚሰምጥ ጥቂት ቆይቶ እንደገና መጥበቅ ይኖርበታል።

ሙከራው መጋረጃ በተሳበበት ክፍል ቢሆን ይመረጣል። በሳህኑ ውስጥ ነጭ ወረቀት ይነጠፋል፣ መንኮራኩሩ ይወጠራል፣ ድንጋዩም በቀጥታ በቆመው መንኮራኩር ላይ ሳይሆን በመክደኛው ላይ ያርፋል፤ ከቆመ መንኮራኩር ጋር ተጭኖ የጀመረ ድንጋይ መዞሩን ሊያግደው ይችላል። ቃታው ሲለቀቅ መንኮራኩሩ ጉዞውን ሳይንተፋተፍ መጨረስ አለበት። ካልጨረሰ የክንዱ ሞላ ከልክ በላይ ይጫናል ወይም የድንጋዩ ጠርዝ አልዶለዶመም። ከዞረ በኋላ ድንጋዩን በማጉያ መስታወት ማየት ነው፦ የቦዮቹ መስመሮች በስፋቱ ሁሉ እኩል አንጸባርቀው ከታዩ ግንኙነቱ ትክክል ነው፤ በአንድ ዳር ብቻ ከታዩ ድንጋዩ ዘሟል፣ መንጋጋው ተፈትቶ ይስተካከል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ጥቂት ብልጭታ ቢሰጡ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ቦዮቹ ድንጋዩ ላይ በተቀረጹ መጠን ብልጭታው ይበረክታል። ለዚህም ሲባል የተለማመደ ድንጋይ በየጊዜው እየተነቀለ አይገለበጥም፤ ከወጣም በነበረበት አቅጣጫ እንዲመለስ ጀርባው ላይ በመጻፊያ እርሳስ ምልክት ይደረግበት።

ሥራ ሲያበቃ በመንኮራኩሩ ቦይ ውስጥ የተጠራቀመው ጥቁር ጭቅቅት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በውስጡ ድኝ ስላለ ካደረ ብረቱን ያዝጋል። መንኮራኩሩ ለማስቀመጫ ጥቂት ዘይት ሊቀባ ይችላል፣ ከሚቀጥለው ሙከራ በፊት ግን በአልኮል ይጸዳል። ድንጋዩ ከመንጋጋው ወጥቶ ለብቻው፣ በክዳን በሚገጠም ማሰሮ ወይም ብልቃጥ ውስጥ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ይቀመጣል። በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ያለው እርጥበት ለፓይራይት ጠላት ስለሆነ በክረምት ብልቃጡን በየሳምንቱ ከፍቶ ማየትና ነጭ ዱቄት ያወጣውን ቁራጭ ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል። ድንጋዩ አጥሮ የመንጋጋው ብረት ወደ መንኮራኩሩ ሲጠጋ ከኋላው ወፈር ያለ ቆዳ ጨምሮ ወደ ፊት መግፋት ይቻላል፤ ይህም ሳይበቃ ሲቀር ቁራጩ ይጣል፣ ወይም ለቀጣዩ ከረጢት መፈተኛ ጥራጊ ሆኖ ይቀመጥ።